«የሞተሩ መጽሔት» ደራሲ ነበርኩ

የተቃጠለ ሞተር ሽታ አንገቴን ያስደፋኛል። እንዲህ ስል የሰማ ሰው ንብረት ተቃጥሎበት ይሆናል ሊል ይችላል፤ አልተቃጠለብኝም። መኪናም ወፍጮም ኖሮኝ አያውቅም። በኤሌክትሪክ በኩል ያለኝ ችሎታ አምፖል መቀየር ነው፤ እሱንም ባለቤቴ ወንበሩን ደግፋ ይዛልኝ ነው። ታዲያ ባለፈው ሰሞን የኮንዶሚኒየማችን የውኃ ፓምፕ ተቃጥሎ፣ ያ ጉሮሮ የሚከረክር የቫርኒሽ ሽታ ከታች ተነስቶ በደረጃው እኔ እስካለሁበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሲመጣ፣ ጎረቤቶቼ በየበረንዳው ወጥተው «ምንድን ነው? የማን ቤት ነው?» ሲባባሉ፣ እኔ ብቻዬን ሳሎን ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ከልጆቼ ዕድሜ የሚበልጥ እፍረት ነው። አብሮኝ አርጅቷል ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ እኔ ብቻ ነኝ ያረጀሁት።

«ያኔ ልደታ እንዲህ አልነበረችም» ብዬ ስጀምር ልጆቼ ስልካቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። አሁን እኔ የምኖርበት ሕንፃ የቆመበት ቦታ ጣሪያና ጣሪያው የተደጋገፈ የጭቃ ቤት ሰፈር ነበር፤ በአንዱ ቤት በርበሬ ሲቁላላ በሌላው ቤት ያለው ሰው ያስነጥሰዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ የኛ የምንላት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አሥራ አምስት። ከጎኗ ሙዚቃ ቤት ስለነበር በአሥር ሳንቲም ሻይ የሳምንቱን አዲስ ዘፈን ሁሉ ሰምተን እንነሳለን፤ ባለቤቱ አውቆ ድምፁን ሲቀንስብን ደግሞ «የካሴቱ ክር አለቀ እንዴ?» እያልን እንሳደብ ነበር። ሱሪያችን ከጉልበት በታች ሌላ ሰው ያስገባል። ጸጉራችን አፍሮ ነው፤ ማበጠሪያው ከኋላ ኪሳችን ብቅ ብሎ ይታያል። ዛሬ መላጣዬን የሚያየው የልጅ ልጄ ይህን አያምንም። ደሞዝ በወጣ ቀን ሰንጋ ተራ ወርደን ሥጋ እንበላለን፤ ከዚያ በኋላ ባለው ሃያ ዘጠኝ ቀን ስለበላነው ሥጋ እናወራለን። ዘመኑ በሌላ በሌላው እንዴት እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል፤ እኔ ስለ አንዲት መጽሔት ነው የማወራው።

ስሟን አልጠራም። ያያት ያውቃታል፤ ያላያት ምንም አልቀረበትም። የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነበረች፤ ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ሒስ፣ እንዲሁም ሒሱን የሚሔስ ሌላ ሒስ ይወጣባታል። ዋና አዘጋጁ ጓደኛዬ ታደሰ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ነጎድጓድ፣ «እንደምን አደርክ» ሲል እንኳ ንግግር የሚያደርግ የሚመስል ሰው ነበር። ሌሎቻችን አምስት ስድስት ሆነን ገሚሶቻችን መምህራን፣ ገሚሶቻችን የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ከደሞዛችን እያዋጣን እናሳትማታለን። ዋጋዋ ሰባ አምስት ሳንቲም። ገዢዎቿ እኛ፣ ዘመዶቻችን፣ እንዲሁም የዘመዶቻችንን ፊት መቋቋም ያቃታቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ጋዜጣ አዟሪዎቹ ወስደው ወስደው ይመልሷታል፤ ስትሄድም ስትመለስም ንጹሕ ናት፤ አንድ የጣት አሻራ አያርፍባትም። የቀረውን የምንሰጠው ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ኦቾሎኒ ለምትሸጠው ሴት ነበር። እኔ አንዳንድ ቀን ኦቾሎኒ ገዝቼ ጥቅሉን ስፈታ የገዛ አንቀጼ ፍርፋሪ ለብሶ አገኘው ነበር። በሰው ፊት እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ጥቅሉን አቃንቼ እንደገና አነበዋለሁ፤ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ዘመድ ያልሆነ፣ ጓደኛ ያልሆነ፣ አንድ ሰው አንብቦኝ እንደሆነ ማወቅ።

እኛ መጽሔታችንን የምናሳትምበት ማተሚያ ቤት በዚያው ሰሞን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። መምህር ሙዘይን የሚባሉ የቴክኒክ አስተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር አጠጋገንና አጠማጠም መመሪያ መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈው ነበር። መምህር ሙዘይን ትሁት ሰው አልነበሩም። ኮታቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ክራባታቸው ከካልሲያቸው ጋር የሚገጥም፣ ማተሚያ ቤት ሲገቡ «ከኔ ሥራ በፊት ሌላ ሥራ ገብቶ እንዳላይ» የሚሉ ነበሩ። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ ታደሰ በዚያ ድምፁ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲያስረዳቸው ሰሙ ሰሙና፣ «ጥሩ ነው። ለመሆኑ የናንተ ጽሑፍ ቢሳሳት ምን ይቃጠላል?» አሉት። ታደሰ የነፍስ ቃጠሎ የሚባል ነገር እንዳለ ሊነግራቸው ጀምሮ ነበር፤ እሳቸው ግን ሠንጠረዣቸውን ከነጠላ ሰረዙ ለመፈተሽ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ያኔ መጽሐፍ የሚሰበሰበው በእጅ ነው። በማሽን የታተመው ሰፊ ወረቀት ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ ያ አንዱ «ፎርም» ይባላል። ፎርሞቹ በረጅም ጠረጴዛ ላይ በተራ ይደረደሩና የማተሚያ ቤቱ ሴቶች ጠረጴዛውን እየዞሩ፣ እየዘፈኑና እየተሳሳቁ ከየክምሩ አንዳንድ ያነሳሉ፤ አንዴ ሲዞሩ አንድ መጽሐፍ ይወጣል። የኛ መጽሔትና የመምህር ሙዘይን መጽሐፍ መጠናቸው እኩል፣ ወረቀታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ሁለቱም የተሰበሰቡት የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው። ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ በየሴቶቹ ቤት ንፍሮው አልተቀቀለ፣ ደጁ አልተጠረገ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቃል። ፎርም ሦስት የሚል ክምር ሁለት ነበር፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የሳቸው። በጥድፊያ ተቀያየሩ። የገጽ ቁጥሩም በሁለቱም ላይ ከሠላሳ ሦስት እስከ አርባ ስምንት ስለሆነ ማንም አላስተዋለም። የመምህሩ ትልቁ ሠንጠረዥ፣ ማለት ለየትኛው ሞተር የትኛው ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ስንት ዙር እንደሚጠመጠም የሚናገረው፣ በኛ ግጥሞች መሃል ገባ። የኛ ፎርም ሦስት ደግሞ በሳቸው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከብሎን መፍቻውና ከዘይቱ መሃል ተሰፋ። በዚያ ፎርም ላይ የነበረው የኔ ልብ ወለድ ነው። ሙሉው አይደለም፤ መጨረሻው ፎርም አራት ላይ ስለዋለ እዚያው እኛ ዘንድ ቀረ። ስለዚህ የኛ አንባቢ መጀመሪያ የሌለው ታሪክ፣ የሳቸው አንባቢ መጨረሻ የሌለው ታሪክ ደረሰው።

እንዴት አላየህም ትሉኝ ይሆናል። ደራሲ አዲስ መጽሔት ሲወጣ የሚያየው ምን መሰላችሁ? ማውጫው ላይ ስሙን። ስሜ ነበረ። ፊደሉ አልተሳሳተም። ታሪኩንማ አውቀዋለሁ፤ ምን ብዬ አነበዋለሁ? ሌሎቹም እንደዚያው የየራሳቸውን ግጥም አይተው፣ ሳም አድርገው፣ ኪሳቸው ከተቱ።

መጽሔቷ በሳምንቱ አለቀች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ በግንቦት ሰማን። አዟሪዎቹ እየሮጡ መጡ፤ «ጋሼ ጨምርልኝ፣ ተክለ ሃይማኖት ላይ እየተናጠቁኝ ነው» ይላሉ። ታደሰ እንባው መጣ። እኔ ምን ሆንኩ መሰላችሁ፤ ከሳልባጅ ተራ ቡናማ ኮት ገዛሁ። የደራሲ ኮት። በልደታ አደባባይ ያለ ጉዳዬ ወዲያና ወዲህ ስል ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ የዚያ እትም ዋና ልብ ወለድ የኔ ነዋ! ጓደኞቼም ያንኑ አሉ። «አጀማመሩ፣ ጌታሁን፣ አጀማመሩ ብቻ!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። አጀማመሩ እኮ መጽሔቷ ውስጥ አልነበረም። እሱን ያኔ አላወቅኩም።

ታደሰ የደስታ ስብሰባ ጠራ። ከአንድ ቡና ቤት በላይ ያለውን አዳራሽ ለቅዳሜ ከሰዓት ተከራየን፤ ወንበሩ ሞላ፤ የቆመም ነበር። ኮቴን ለብሼ ከፊት ተቀምጫለሁ። ታደሰ ተነስቶ «አንባቢያችን በሰለ!» ብሎ ጀመረ። አንባቢ ከሥነ ጽሑፍ መጽሔት የሚፈልገው ውበትን ነው፣ ከዕለት ጉርሱ ቆርሶ የሚገዛው ነፍሱ ስለተራበ ነው አለ። አጨበጨብን። ጥያቄ ካለ ሲባል ከኋላ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ የጠጣ ጎረምሳ ተነሳ። «በጣም እናመሰግናለን» አለ በትህትና። «ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ሞክረነዋል። የባለ ሦስት ፌዙን ሞተር መቼ ነው የምትቀጥሉት?» «ምኑን?» አለ ታደሰ። ልጁ ደነገጠና የተጣጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ስምንት ቅጠል፣ ከመጽሔታችን የተገነጠለ። «የሞተሩን መጽሔት ነው የምለው፤ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ የጋራዥ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። የመምህር ሙዘይን መጽሐፍ ዋናው ሠንጠረዥ ጎድሎበት ስለወጣ፣ የጎደለው ገጣሚዎቹ ዘንድ በሰባ አምስት ሳንቲም ይገኛል ተብሎ በተክለ ሃይማኖት ተወርቶ ኖሯል። ገዝተው፣ ስምንቱን ቅጠል ገንጥለው፣ የቀረውን ጥለውታል። መጀመሪያ የሳቀው ከኛው ገጣሚዎች አንዱ ነው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔ ኮቴን ባወልቀው ተመኘሁ፤ ግን ማውለቁም ያስታውቃል ብዬ ላቤን እየጠረግኩ ተቀመጥኩ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ መምህር ሙዘይን ደረጃውን ወጥተው ገቡ። መጽሐፋቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኔ መጽሐፍ ውስጥ ሴትዮ ምን ትሠራለች?» አሉ። ሰው እንደገና በሳቅ ፈነዳ። «አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩበት ነው። አንድ ገጽ ስገልጥ ወለል ታጥባለች፣ አንድ ገጽ ስገልጥ ታለቅሳለች! ማን ነው እሷን ያመጣት?» ታደሰ ወደ እኔ አየ። ጓደኞቼ ሁሉ ወደ እኔ አዩ። በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

ከዚያ ያለው አጭር ነው። የሚቀጥለው እትም ያለ ሞተር ወጣና እንደ ልማዱ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ታደሰ ሐፍረቱን ዋጥ አድርጎ «በየእትሙ ትንሽ ሞተር ብናስገባስ?» አለ። መምህሩ ቤት ድረስ ሄደን ለመንናቸው። ሻይ አቀረቡልን፣ በክብር ሰሙን፣ ከዚያ «የኔን አንባቢ ከናንተ አንባቢ ጋር አላጋባም» ብለው ሸኙን። መጽሔቷ ሞተች። እኔም ከዚያ ወዲያ ልብ ወለድ አልጻፍኩም፤ ጡረታ እስክወጣ ትምህርት ቤት ልጆች አስተማርኩ። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥባቸው ተራዎች ግን እስከ ዛሬ ይስቡኛል። የመምህር ሙዘይንን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ ጠርዙ በግራሶ ጠቁሯል፣ ከኛ የተገነጠለው ሠንጠረዥ መሃሉ በሻማ ሰም ተጣብቆበታል፣ ሻጩም ዋጋ አይቀንስም። የኛዋን ያገኘኋት አንዴ ብቻ ነው። አዲስ ነበረች። የአንዳንድ ገጿ ጠርዝ እንኳ ገና አልተቆረጠም፤ የታጠፈው እንደታጠፈ ነው። ሻጩ «ይውሰዱት ጋሼ፣ ምርቃት ነው» አለኝ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንዲሉ፣ እኔም አፍሬባት ትቼያት ሄድኩ።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ፓምፑ ሲቃጠል ኮሚቴው ጠጋኝ ጠራ። እኔም የኮሚቴ አባል ነኝ፤ ሥራ የለውም ብለው መረጡኝ። የመጡት ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ናቸው፤ ሰንጋ ተራ አዲሱ ሕንፃ ላይ ፓምፕና ሞተር የሚያስመጣ ድርጅት ያላቸው፣ ዕድሜያቸው ከኔ የማይርቅ፣ ከነጠላቸው ሥር የስፖርት ጫማ ያደረጉ ሴት። በዚህ ዕድሜዎ እንዴት ራስዎ መጡ ስላቸው «ሠራተኛ ሲልኩት አይቶ ብቻ ይመለሳል፤ እኔ ግን አሽትቼ ነው የተቃጠለውን የማውቀው» አሉኝ። ሁለቱ ሠራተኞቻቸው ፓምፑን ሲፈቱ እኛ የሕንፃው ጥላ ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ይሄን ሥራ ከየት ተማሩት?» አልኳቸው።

«ከመከራ» አሉ። «ከመከራና ከአንድ መጽሐፍ። ባለቤቴ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ሞተር ይጠመጥም ነበር። አንድ ቀን እሱን ራሱን ሌላ ሴት ጠመጠመችውና፣ ሦስት ልጅና የሰው የተቃጠለ ዳይናሞ ጥሎልኝ ናዝሬት ገባ። ደንበኛው ደጄ ቆሞ ዕቃዬን ይለኛል። ምን ላድርግ? መጽሐፉን ገዛሁ። ማንበብ እንደሆን እችላለሁ። እያነበብኩ እየፈታሁ፣ እያነበብኩ እየፈታሁ፣ ልክ ሠንጠረዡ ጋ ስደርስ ሠንጠረዥ የለም። በሱ ፈንታ አንዲት ሴትዮ ቁጭ ብላለች።»

ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ምን ዓይነት ሴትዮ?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«እንደኔ ያለች። ባሏ ጥሏት የሄደ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እኔ የቸገረኝ ሽቦ፣ እሷ ወለል ታጥባለች። ግን አንዴ ገባሁበት። እያጠበች እያጠበች አልጋ ሥር የሱን ጫማ ታገኛለች። አሁን ትወረውረዋለች ስል፣ እሷ እቴ! ጠረገችና መልሳ እዚያው አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ነው የያዘኝ። እኔም በዚያው ሳምንት እንደዚያው አድርጌያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ይሄን የጻፈው ሰው ቤቴ ገብቶ አይቶኛል እንዴ ብዬ በሩን ዞሬ አየሁ፤ እውነቴን ነው።»

ምን ልበላችሁ። ዕድሜ ልኬን የምጠብቀው ሰው ይኸው ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ዘመድ አይደለም፣ ጓደኛ አይደለም።

«ከዚያ ባልየው ልመጣ ነው ብሎ ይልክባታል» አሉ። «መጣ፣ አንኳኳ። ‹ቁልፉን ይዛ ተነሳችና› ይላል። ገጹን ስገልጠው የግራሶ ዓይነቶች! እኔ ደግሞ ለእሑድ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ቀጠሮ ተይዟል፤ የኔውም ባል አስታርቁኝ ብሎ ልኳል። እናቴ ክፈቺለት አለች። ነፍስ አባቴ ክፈቺለት አሉ። ያቺ ሴትዮ ብቻ ነበረች የቀረችኝ፤ እሷም አፏን ልትከፍት ስትል ቆረጧት። የጎደለውን ሠንጠረዥ የሸጠልኝን የጋራዥ ልጅ ‹የተገነጠለበትስ የት አለ?› ብለው፣ ለኦቾሎኒ ሻጭ ሰጥቼዋለሁ አለኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ራሴ ጨረስኩታ! ‹ተነሳችና መቀርቀሪያውን ጨመረችበት› አልኩ። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ጠላ ቀዳሁ፣ አከበርኳቸው፣ ከዚያ ደንበኛ የሚጠብቀው ሥራ አለብኝ ብዬ ሸኘሁ።» በእጃቸው ወደ ሠራተኞቻቸው፣ ወደ ውጭ ወደቆመችው መኪናቸው አመለከቱ። «ይኸው ነው። ግን ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ጸሐፊው አንድ ጌታሁን የሚባል ነው፤ በሕይወት ካለ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀው ነበር።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን የሽማግሌ ኩራት ጉልበት አያጣም። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ሰንደል ጫማ ነው ያደረግኩት፣ ሹራቤም ክርኑ ላይ ሳስቷል። «እርስዎ?» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። «በሉ ይንገሩኝ። ምን አደረገች?»

መጨረሻውን አልረሳሁትም፤ ብረሳው እንዴት በወደድኩ። ከፈተችለት። ተንበረከከች። ውኃ አሙቃ እግሩን አጠበችው። «ምሰሶ የሌለው ቤት ቤት አይደለም» አለች። ከዚያም፣ ምሽት ላይ የጀመረው ነገር በሁለት መስመር ውስጥ ነግቶ፣ ወፎች ዘመሩ። ታደሰ ረቂቁን ሳነብለት አልቅሷል፤ «የአገራችን እናት ትዕግሥት ይኸው» ብሏል። አሁን እኚህ ሴት ዓይኔን ዓይኔን ያዩኛል። በዓለም ላይ አንድ አንባቢ አለችኝ፤ እውነቱን ብነግራት አጣታለሁ።

«አልከፈተችለትም» አልኩ።

«ውሸት!» አሉ ወዲያው። «ያኔ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ወንድ የት ነበር? እኔን ለማስደሰት ብለው ነው። እውነቱን ይበሉኝ።»

ነገርኳቸው። እያየሁ የነገርኳቸው የሲሚንቶውን ወለል ነው።

«እግሩን አጠበችው?»

«አጠበችው።»

«በሙቅ ውኃ?»

«በሙቅ ውኃ።»

በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሠራተኞቹ ቀና ብለው እስኪያዩን ድረስ ሳቁ። እኔም ከኀፍረት የተነሳ አብሬ ለመሳቅ ሞክሬ ነበር፤ ግን የሳቸው ሳቅ ቆሞ ኖሮ የኔው ብቻውን ቀረ። ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ያንን መጨረሻ አግኝቼው ቢሆን እኮ እከፍት ነበር» አሉ በቀስታ። «አምኛት ነበር። ያቺ ሴት ከፈተች ብባል እኔም እከፍት ነበር። እግሩንም አጥብ ነበር።»

ብዙ ዓይነት እፍረት አውቃለሁ፤ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተሳቀበትን ቀምሼያለሁ። ይሄኛው ግን ድምፅ የለውም።

«ጫማውን ጠርጋ መልሳ ስታስቀምጥ ያለውን የጻፈው ማን ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እግር ስታጥብ ያለውንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ። ግን እሱን የጻፍኩት ጓደኞቼ እንዲወዱልኝ ብዬ ነው።»

«እንግዲያማ እሱን እነሱ ያንብቡት» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሠራተኞቻቸው ሄዱ።

ጓደኞቼም አላነበቡትም ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ለዛሬ ይበቃኛል ብዬ መልሼ ዘጋሁት።